የሚጠበቅና የሚጣል መዝገብ



በአገራችን የጥንት ሠንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል ነበረ። ይኸውም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። የትኛው ጠጠር አስቀድሞ ተነሣ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቁም ነገሩ በመጨረሻ የተገኘው አሰላለፍ ነው። ዛሬ ቼዝ የሚጫወቱት ኮምፒዩተሮች ከዚሁ ሐሳብ ጋር የሚቀራረብ ዘዴ አላቸው።

ነገሩን በዋግ ምድር እንመስለው። የዋግሹሞች መቀመጫ ወደ ነበረችው ወደ ሰቆጣ የሚጓዝ ሰው በቆረም ቢገባም በላሊበላ ቢመጣም የሚደርስባት ከተማ ያችው አንዲት ናት። አንድ ጊዜ አይቶ የመዘገባትን ከተማ፣ በሌላ መንገድ ስለ ደረሰባት ብቻ እንደ አዲስ ሊመረምራት አያስፈልገውም። ኮምፒዩተሩም በሴኮንድ ብዙ ሺህ፣ አንዳንዱም ብዙ ሚሊዮን አሰላለፍ ሲመረምር አንዱን አሰላለፍ በልዩ ልዩ መንገድ ደጋግሞ ያገኘዋል። ስለዚህ የምርመራውን ውጤት በመዝገብ ያኖራል። በ1967 እ.ኤ.አ. የታወቀው የአሜሪካዊው የሪቻርድ ግሪንብላት ፕሮግራም ይህን የመሰለ መዝገብ ነበረው።

መዝገቡ ፈጥኖ እንዲገኝ አልበርት ዞብሪስት በ1970 እ.ኤ.አ. ያማረ ዘዴ አቀረበ። 12ቱ ዓይነት ጠጠሮች በ64ቱ ቤቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ የዕጣ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ይህም 768 ቁጥር ነው። የቁጥሮቹ ውሕደት የአሰላለፉ መለያ ይሆናል፤ መለያውም ውጤቱ የሚቀመጥበትን ሣጥን ያመለክታል። ሁለት አሰላለፎች አንድ ሣጥን ሊደርሳቸው ስለሚችል፣ መለያው ካልተመሳከረ የአንዱ ውጤት ለሌላው ተሰጥቶ ስሕተት ይፈጠራል።

ሣጥኑ ሲሞላስ? ዋናው ችግር ይህ ነው። አዲሱን ሁልጊዜ በአሮጌው ቦታ ብናስገባ፣ ብዙ ድካም የፈጀው ጥልቅ ምርመራ በጥቂት ሴኮንድ በተሠራ ቀላል ምርመራ ይተካል። ጥልቁን ብቻ ብንጠብቅ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት መዝገብ ቦታውን ይዞ ይቀራል። መጠኑን ያለ ልክ ማስፋትም መፍትሔ አይሆንም፤ ከማሽኑ ፈጣን ማኅደር ካለፈ ሥራው ወደ ዘገምተኛው ዲስክ ይዞርና ይጓተታል። ስለዚህ እንደ ስቶክፊሽ ያሉ የዛሬ ፕሮግራሞች በአንድ ሣጥን ጥቂት መዝገቦችን አኑረው፣ ጥልቀትንም ዕድሜንም አመዛዝነው ዋጋው ያነሰውን ያስወጣሉ።

እናንተ በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ሁሉ ይህን ፍርድ ታውቁታላችሁ። ተመርምሮ ያለቀ ፋይል በከንቱ ቢጣል፣ ከሰቆጣ ድረስ የመጣው ባለጉዳይ ምርመራው እንደ ገና እስኪጀመር በደጅ ይጠናል። ያለቀለት ወረቀት ሁሉ ቢከማች ደግሞ የእርሱ ፋይል ተፈልጎ አይገኝም። እንግዲህ ከመጣላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ምን ያህል ድካም ፈጅቷል? ዛሬስ ለማን ይጠቅማል?