ባዶ ሰሌዳ ፊት የቆመ እንግዳ፦ የቡለቲን ቦርድ ትርፍ ጊዜ ሥራና አዳዲስ ገቢዎቹ



ዛሬ የምናገረው ብዙዎች ሞቷል ስለሚሉት፣ ነገር ግን በየአገሩ ጥቂት ወዳጆቹ በሕይወት ስላቆዩት ነገር ነው። ስሙ ቡለቲን ቦርድ፣ በምሕፃረ ቃል ቢቢኤስ ይባላል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው የማስታወቂያ ሰሌዳ ማለት ነው፤ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የምናውቀው፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያነበው ዓይነት። ልዩነቱ ሰሌዳው በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መቀመጡና አንባቢው በስልክ መስመር ደውሎ መግባቱ ነው። ይገባል፣ ያነባል፣ የራሱን ይለጥፋል፣ ይወጣል። መስመሩ አንድ ብቻ ከሆነ ቀጣዩ ሰው፣ ምንጭ ላይ እንስራ ይዞ ወረፋ እንደሚጠብቅ፣ የቀደመው እስኪጨርስ ይጠብቃል።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱዌስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1978 በቺካጎ ከፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ጄኒንግስ ፊዶኔት የተባለውን ሥርዓት ፈጠረ። በፊዶኔት ኮምፒዩተሮቹ የስልክ ዋጋ በሚረክስበት ሌሊት እርስ በርሳቸው እየተደዋወሉ የሰዎችን ደብዳቤ ይለዋወጣሉ፤ መልእክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ቀጥታ መስመር አያስፈልገውም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው ፓዲስ የተባለው የልማት መረጃ ክፍል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በዚሁ በፊዶኔት ዘዴ የኤሌክትሮኒክ መልእክት አገልግሎት ይሰጥ ነበር። አገራችን በይፋ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድ የአዲስ አበባ ተመራማሪ ወይም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ውጭ አገር ካለ ባልደረባው ጋር በኮምፒዩተር የተጻጻፈው በሞደም ደውሎ፣ ደብዳቤውን አስረክቦ፣ የመጣለትን ተረክቦ፣ ስልኩን በመዝጋት ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ ይህ ዘዴ ተረሳ። መረሳቱ አይገርምም፤ የሚገርመው ለእንደ እኛ ያለ ደጋ ምን ያህል ይስማማ እንደነበር ማንም ቆም ብሎ አለመጠየቁ ነው።

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ ሲዘልቅ መብራትም ስልክም ባንክም ሲቋረጥ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አምደወርቅ ያለው ወንድም ሰቆጣ ያለች እኅቱ በሕይወት መኖሯን የሚያውቀው በእግሩ መንገድ በመጣ ሰው አፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ኔትወርክ ሲኖር ቴሌግራም አለ፤ ይህ አሮጌ ነገር ምን ያደርጋል?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ኔትወርክ ሲኖር ቴሌግራም ይሻላል፤ አልከራከርም። እኔ የምናገረው ስለሌላው ቀን ነው። ለሌላው ቀን የሚሆን ነገር ደግሞ በዚያው ቀን አይጀመርም። ሰዎች በደኅናው ጊዜ ተጫውተውበት፣ ለምደውት መቆየት አለባቸው። ስለዚህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ መሆኑን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ሰው ግዴታውን ይተዋል፣ ጨዋታውን ግን አይተውም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ አዲስ ሰው እንዴት ይመጣል የሚለው ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ዛሬ ሲንክሮኔት ወይም ሚስቲክ የተባሉትን ሶፍትዌሮች ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል። ራስበሪ ፓይ በሚባለው፣ መዳፍ በሚያክለውና ጥቂት ዋት ብቻ በሚወስደው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራሉ፤ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ይበቃዋል። ኮምፒዩተሩ የራሱን ዋይፋይ ያሰራጫል፤ በአቅራቢያው ያለ ሰው ሲም ካርድም ዳታም ሳያስፈልገው በስልኩ ይገባል።

ከተማሪዎቼ ጋር እንዲህ ያለ ሰሌዳ አቁመን ሰው ሲገባበት ተመልክቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የገባው ሁሉ ጥቁሩን ገጽ ያያል፣ «እንኳን ደኅና መጡ» የሚለውን ያነባል፣ ሌላ የሚያነበው ሲያጣ ይወጣል። እንግዳን የሚያባርረው የገጹ ማርጀት አይደለም፤ ባዶነቱ ነው። ሰው የሌለበት ገበያ ማንም አይቆምም። ስለዚህ ሰሌዳ ለመክፈት ለሚያስብ ሁሉ የምመክረው፣ በሩን ከመክፈቱ በፊት የሚጻጻፉ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች እንዲያዘጋጅ ነው። ማኅበር ጠጪ ሳይኖር ጠላ አይጠመቅም።

ሁለተኛው ነገር ጨዋታ ነው። በቀድሞዎቹ ሰሌዳዎች ወጣቶችን በብዛት የሳቡት ጨዋታዎች ነበሩ፤ ለምሳሌ የቀይ ዘንዶው አፈ ታሪክ የሚባለው። የእነዚህ ጨዋታዎች ምሥጢር ተጫዋቹ በቀን የተወሰነ ዕድል ብቻ ማግኘቱ ነው፤ የቀረውን ለመጫወት ነገ መመለስ አለበት። አንዲት ተማሪዬ ይህን ስትሰማ «ይህማ እንቆቅልሽ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። እንቆቅልሽ - ምን አውቅልህ እየተባባልን አድገን፣ መልሱን ያላወቀ አገር እየሰጠ፣ የሰው ጨዋታ ስንፈልግ የኖርነው ለምንድን ነው? እንቆቅልሹ ዛሬ ይለጠፋል፤ መላሹ እስከ ነገ ማታ ያስባል፤ ካላወቀ ሰቆጣን ወይም ጽጽቃን ሰጥቶ ይገላገላል። ያ ክፍል ከተከፈተ በኋላ በየቀኑ የሚመለስ ሰው ማየት ጀመርን። አገር የሰጠ ሁሉ በማግስቱ አገሩን ለማስመለስ ይመጣልና።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የፊደል ጉዳይ ነው። የቀድሞ ሰሌዳዎች የተሠሩት ለ256 ምልክቶች ብቻ ቦታ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ነው። ከእነዚያ ግማሹ በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በሥርዓተ ነጥብ ተይዟል፤ የሚቀረው 128 ነው። የእኛ ፊደል ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር እንኳ 33 ጊዜ 7፣ ማለትም 231 ነው። አይገባም። በ1990ዎቹ ውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን በኮምፒዩተር ሲጻጻፉ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፋቸው ለዚህ ነው፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ለዚሁ ሥራ ሴራ የተባለውን ሥርዓት ያለው አጻጻፍ አዘጋጁ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በአገው ቋንቋዎች የሚያገለግለው ጘ ጭምር ቦታ አለው። ሆኖም የተርሚናል ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ምልክት እኩል ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ ስለሚያስቀምጡ፣ ሰፊዎቹ ፊደሎቻችን አንዳንዴ ይቆረጣሉ ወይም ይደራረባሉ። ይህን ማስተካከል ለኮምፒዩተር ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል፤ ርእስ አጣን የምትሉ ስሙኝ።

ነገሩን ከጌጥ እንዳትቆጥሩት እለምናለሁ። ኽምጠኛ የሚናገር የሰሃላ ወይም የዝቋላ ልጅ ገጹን ከፍቶ የመጀመሪያውን መስመር በቋንቋው ካላገኘ፣ ሰሌዳው የከተማ ሰዎች ነው ብሎ ይሄዳል። አይመለስም።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነጥብ ልመለስ። ፊዶኔት ቀጥታ መስመር አያስፈልገውም ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ስልክም የግድ አይደለም። ሰቆጣ አንድ ሰሌዳ፣ አስከተማ አንድ፣ አምደወርቅ አንድ ይኑር እንበል። የእያንዳንዱ ሰሌዳ አዲስ መልእክቶች ታሽገው በፍላሽ ይቀመጣሉ፤ የአውቶቡስ ረዳቱ ይወስደዋል፤ በደረሰበት ይራገፋል፣ የዚያኛውም ተጭኖለት ይመለሳል። በዛሬው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 1000 ፊደል ያለው ደብዳቤ 3 ኪሎ ባይት ያህል ነው፤ 1 ጊጋ ባይት የሚይዝ ተራ ፍላሽ ከ300 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ይሸከማል። በዋግ ኽምራ በአንድ ሳምንት ይህን ያህል የሚጽፍ ሕዝብ ቢገኝ እኔ ደስታውን አልችለውም። እርግጥ ደብዳቤው በመንገድ ላይ እንዳይነበብ መቆለፍ አለበት፤ በቀላሉ ይቻላል፤ ግን ሰዎች ከመጻፋቸው በፊት መቆለፉን ማወቅ አለባቸው፤ አለዚያ አይጽፉም።

ማን ይጋበዝ ለሚለው፣ ከራዲዮ ወዳጆች የምንማረው አለ። በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚለው መጠሪያው በዓለም ይታወቃል። በማኅበር ጣቢያ ላይ ጀማሪው ከባለሙያው አጠገብ ተቀምጦ፣ በማኅበሩ መጠሪያ ከሩቅ ሰው ጋር ይነጋገራል፤ ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኛም ስለ ፕሮቶኮል ንግግር ከማብዛታችን በፊት ልጁ አንድ ነገር እንዲለጥፍና መልስ እንዲያገኝ እናድርግ። መልሱ በዚያው ዕለት ቢመጣ ይመረጣል፤ ሳምንት ከቆየ ጸሐፊው የጻፈውን ራሱ ይረሳዋል።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ሰሌዳ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ስድብ የሚያነሣ፣ ወሬ የሚያጣራ፣ በተለይ በጦርነት ጊዜ ሐሰተኛ መርዶ እንዳይለጠፍ የሚጠብቅ። ያ ሰው ማን ይሁን? ወጣቱ ይሁን ስል ሽማግሌዎች አያምኑትም፤ ሽማግሌ ይሁን ስል መሣሪያውን አይነካም። ሁለቱን ማጣመር ይሻላል የሚል ሐሳብ አለኝ፤ እናንተ ግን አገሩን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁና በጥያቄው ሰዓት አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ። መሣሪያው እዚህ ጠረጴዛ ላይ በርቷል፤ ስልካችሁን አውጥታችሁ ዋይፋዩን ፈልጉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ያልተመለሰ አንድ እንቆቅልሽ ይጠብቃችኋል።