ላረጀ ታብሌት የሚሆን ሲስተም እንዴት ይመረጣል?

(በማታ ትምህርት ጣቢያ ለጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ማክሰኞ ትምህርት ሲያልቅ አንድ አባት ወደ ኋላ ቀሩ። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ታብሌት አወጡ። «ልጄ ከዓረብ አገር የላከችልኝ ነው። ድሮ ፊቷን አይበት ነበር። አሁን ግን ስነካው ቶሎ አይሰማም። አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቼ ስጨርስ ነው የሚከፈተው። ናዝሬት ወስጄ ሶፍትዌር ላስጭንበት ወይስ ልጣለው?» አሉኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። ያልሰጠሁበትን ምክንያት ኋላ እነግራችኋለሁ። ጥያቄው ግን የብዙዎቻችሁ ስለሆነ የዛሬውን ንግግር በዚሁ ላይ አደረግሁት።

ታብሌት አካልና ሲስተም አለው። አካሉ መስታወቱ፣ ባትሪውና በውስጡ ያሉት ዕቃዎች ናቸው። ሲስተሙ አካሉን የሚያዘው ነው። ሥዕል እንዲታይ፣ ድምፅ እንዲወጣ፣ ጣታችን ስትነካው እንዲሰማ የሚያደርገው ሲስተሙ ነው። በብዙዎቹ ታብሌቶች ላይ ያለው ሲስተም አንድሮይድ ይባላል። የሚያወጣውም ጉግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አንድሮይድ ያለበት የመጀመሪያው ስልክ ገበያ ላይ የዋለው በ2001 ዓ.ም. ነው።

ታብሌቱ ውስጥ ጎተራና አውድማ አለ ብላችሁ አስቡ። ጎተራው ፎቶውና ድምፁ የሚቀመጥበት ነው። አውድማው ደግሞ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ባለሙያዎች ራም ይሉታል። ታብሌቱ ሲያረጅ አውድማው አልጠበበም። የሚወቃው ነዶ ነው የበዛው። ከዓመት ወደ ዓመት የምንጭናቸው ነገሮች እየከበዱ ይሄዳሉ፤ አውድማው ግን ያው የድሮው ነው። በዚህ ላይ ፋብሪካው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአሮጌው ሞዴል አዲስ ሲስተም ማውጣቱን ይተዋል። አዲሱን ታብሌት መሸጥ ነዋ የሚፈልገው!

ታዲያ ሌሎች ሰዎች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። አንድሮይድ የተሠራበት ጽሑፍ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ጽሑፉን ወስደው፣ የማያስፈልገውን አውጥተው፣ ፋብሪካው ለተዋቸው ታብሌቶች ተለዋጭ ሲስተም ይሠራሉ። ስቲቭ ኮንዲክ የተባለ አሜሪካዊ በ2001 ዓ.ም. ሳያኖጅንሞድ የሚባለውን ጀመረ። ሳያኖጅንሞድ በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሲዘጋ ሥራውን ላይኔጅ ኦኤስ የተባለው ቀጠለው። ይህ በነፃ የሚገኝ ነው። ጠጋኙ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ ለጉልበቱ ነው እንጂ ለሲስተሙ ዋጋ አይደለም።

ነገሩ ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከአዳማ ወደ መተሐራ ስትሄዱ ወለንጪቲን ታገኛላችሁ። በ2004 ዓ.ም. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወለንጪቲ በኩል ባለ አንድ መንደርና በወንጪ ተራራ ላይ ባለ ሌላ መንደር ለሕፃናት ታብሌት ሰጠ። ታብሌቱ ዙም የሚባል የሞቶሮላ ሥራ ነበር። አስተማሪ አልተመደበም። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው የተሰጠው። ልጆቹ አንደኛ ክፍል የሚገቡበት ዕድሜ ላይ ነበሩ፤ ፊደል አያውቁም። የድርጅቱ ሰዎች በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ታብሌቱን አበራው። ታብሌቶቹ ካሜራቸው ተዘግቶ ነበር የመጡት። ገጻቸው እንዳይለወጥም ተቆልፎ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ካሜራውን ከፈቱት። ገጹንም እያንዳንዱ እንደወደደው አደረገው።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን ቅር አሰኘኝ። ለመንደሩ ጎልማሶች የተሰጣቸው ትምህርት በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግ ነበር። ልጁ ሲስተሙን ሲፈታ አባት ቻርጅ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። እናንተ አሁን ፊደል ለይታችኋል፤ ቁጥርም ታነባላችሁ። በገዛ ዕቃችሁ ላይ ምን እንደሚጫን መጠየቅና መምረጥ ያለባችሁ እናንተው ናችሁ።

ያው ዙም ታብሌት ለሌላም ነገር ምሳሌ ይሆነናል። አውድማው አንድ ጊጋባይት ብቻ ነው። ፋብሪካው የሠራለት የመጨረሻው አንድሮይድ 4.1 ነበር። በጎ ፈቃደኞች 4.4ን አዘጋጁለት። ነገር ግን ለሲስተሙ የተከለለው የጎተራ ክፍል ስለጠበበ ግድግዳውን አፍርሶ እንደገና መከለል አስፈለገ። ግድግዳ ሲፈርስ ውስጥ ያለው እህል ምን ይሆናል? ይደፋል። ደግሞም ዙም ሲም ካርድ የሚቀበልና የማይቀበል አለው። ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው። ለአንዱ የተሠራው ሲስተም ግን ለሌላው አይሆንም።

አሁን ማክሰኞ ዕለት ዝም ያልኩበትን ምክንያት ልናገር። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አዳማ ያለችው አክስቴ አሮጌ ታብሌት ነበራት። «አንተ የተማርክ ነህ፣ አስተካክልልኝ» አለችኝ። እኔም በወጣትነት ትዕቢት ትልቁን ቁጥር፣ ከሁሉ አዲሱን ሲስተም መረጥሁ። ሌላ ሲስተም ለመጫን መጀመሪያ የፋብሪካው ቁልፍ መከፈት አለበት። ቁልፉ ሲከፈት ታብሌቱ በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ማስጠንቀቂያው በመስታወቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሳላነብ አለፍሁት። የሟች ባሏ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበር። ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ እያለ የተቀዳ ነው። ሌላ ቦታ አልነበረም። አዲሱም ሲስተም ቢሆን ለዚያች ትንሽ አውድማ ከብዷት በየሰዓቱ በራሱ እየጠፋ ይነሳ ነበር። አክስቴ አልተቆጣችኝም። ቡና አፍልታ አጠጣችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መገልበጥ ነው። ፎቶውም፣ ድምፁም፣ ስልክ ቁጥሩም ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ሌላ ስልክ ይገልበጥ። ከዚያም የተገለበጠው ከፍቶ ይታይ፣ ይሰማ።

ቀጥሎ ቀላሉን መንገድ እንሞክር። አረሙን ሳንነቅል ማሳው አይረባም አንልም። የማንጠቀምባቸውን ነገሮች ብናጠፋ፣ ካልሆነም ፎርማት ብናደርገው አንዳንዱ ታብሌት ነፍስ ይዘራል። ባትሪው ያበጠ እንደሆነ ግን ሲስተም አያድነውም። በዚህ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ያበጠ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ አደጋ ነው። መጀመሪያ ባትሪው ይለወጥ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ወደ ተለዋጭ ሲስተም እንሂድ። ከታብሌቱ ጀርባ ወይም ሴቲንግ ውስጥ የሞዴሉ ፊደልና ቁጥር አለ። አንድም ሳይቀር በደብተራችሁ ላይ ገልብጡት። ሲስተሙ ለዚያ ሞዴል በስሙ የተሠራ መሆን አለበት። «ይመሳሰላል፣ ይሠራል» የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ታብሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ያልሆነ ሲስተም የተጫነበት ታብሌት ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ለብዙ ርካሽ ታብሌቶች በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ሲስተም የለም። ያን ጊዜ የፋብሪካውን የራሱን ሲስተም እንደገና ማስጫንና ቀለል ባሉ ነገሮች ብቻ መጠቀም ይሻላል።

ከተገኘ ደግሞ ምርጫው በቁጥር ትልቅነት አይሁን። ጠጋኙን «የማይሠራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ ሲስተም ፈጣን ሆኖ ካሜራው አይከፈትም፤ አንዳንዱ ድምፅ የለውም። ልጇን ለማየት ለምትፈልግ እናት ካሜራ የሌለው ፍጥነት ምን ያደርግላታል? ሰዎች ለወራት የተጠቀሙበትና እንከኑ የታወቀ ሲስተም ትናንት ከወጣው ይበልጣል። የረጋ ሲስተም የሚባለው በመሃል የማይዘጋ፣ በራሱ ጠፍቶ የማይነሳ ነው። ይህ ደግሞ ሱቅ ውስጥ በአምስት ደቂቃ አይታወቅም። እዚያው ቁጭ ብላችሁ ቪዲዮ አጫውቱ፣ ዋይፋይ አገናኙ፣ ድምፅ ቅዱ፣ አጥፍታችሁ አብሩ። ስማችሁንም ጻፉበት። በጣም በቆዩ ሲስተሞች ላይ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ቁቤ የምትጽፉም እንደዚሁ ሞክሩት።

መብራት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ሲስተም ሲጫን መሃል ላይ መቋረጥ የለበትም። ስለዚህ ታብሌቱ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፤ ጠጋኙም ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ቢሠራው ይመረጣል። ቴሌብርና የባንክ ነገር ደግሞ በዚህ ታብሌት ላይ አይግባ። ከማን እንደመጣ በማይታወቅ ሲስተም ውስጥ የምስጢር ቁጥር የሚሰርቅ ነገር ሊደበቅ ይችላል። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎችም ሲስተሙ በተለወጠ ዕቃ ላይ አይሠሩም። ገንዘባችሁ በስልካችሁ ላይ ይቆይ።

ያ አባት ፈቅደውልኝ ዓርብ ማታ እዚሁ ጣቢያ ተቀምጠን የልጃቸውን ፎቶና ድምፅ እንገለብጣለን። ባትሪውንም እናየዋለን። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ወደ ናዝሬት እንሄዳለን፤ ጠጋኙን የሚጠይቁት ግን እሳቸው ናቸው። የሚጠይቁትን በገዛ እጃቸው ጽፈው ይዘውታል። ታብሌት ያላችሁ ዓርብ ይዛችሁ ኑ። ሚሞሪ ካርድ ያለው ሰው እሱንም አይርሳ፤ እኔ ያለኝ አንድ ብቻ ነው።