የሙስና ምንጭ የት ነው?



ሙስና በተነሳ ቁጥር «የሰው ጠባይ ተበላሸ» ይባላል። በዚህ አልስማማም። ምንጩን ከሕጉ ፈልጉት። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ ደነገገ። ልብ በሉ! በጨረታ የገባው ሰው ከሌላው ተፎካክሮ የመጨረሻውን ዋጋ ይከፍላል። በምደባ ያገኘው ተፎካካሪ የለበትም፤ የሚያስፈልገው የባለሥልጣን ፊርማ ነው። እጅ መንሻ ሆኖ የሚከፋፈለው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ፋይሉ ጠፍቷል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባላችሁ የምትጉላሉትም ለዚሁ ነው።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ፣ ማጭበርበር ተገኝቶበት ተሰረዘ። ዓመታት የቆጠበው ምስኪን ምን ይበል?

የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር፤ ማን ማንን ሊከስ ኖሯል?

ፓርቲያችን ከተመረጠ የእያንዳንዱ ምደባ ተቀባይ ስም፣ የቦታው ስፋትና የተከፈለው ዋጋ በየክፍለ ከተማው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ያልተለጠፈ ምደባ በሕግ ፊት አይጸናም፤ ማንኛውም ነዋሪም ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊያሰርዘው ይችላል።