ካምቢዮ ሲወጣ ሥራውን ማን ይረከባል?

በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ ውጭ ስለሆነ ነገር አጫውችን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። እንደምታውቁት ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው አምቦ ነው፤ የባለቤቴ ቤተሰቦች ደግሞ ሸነን ናቸው። ከሆስፒታል ወጥቼ ከጠፋሁ ጋራዥ ፈልጉኝ። ስለዚህ የዛሬው ርእሴ አውቶማቲክ መኪናን ወደ ማኑዋል መቀየር ነው። «ይቺ ልጅ ዛሬም አልተለወጠችም» የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ እየሰማሁ ነው፤ ግድ የለም፣ ታገሡኝ።

እኛ ቤት ያለው መኪና 60 የሚባለው ላንድክሩዘር ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ቤንዚን የሚጠቀም፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ የነበረ። ዓምና ክረምት ላይ ማንሸራተት ጀመረ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስንሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ባለበት ነው። መካኒካችን የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዙና በነጭ ጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ። ጤናማው ዘይት ቀይ ነው፤ ይሄኛው ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ውስጥ ያሉት ዲስኮች ተበልተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምርመራ ላብራቶሪ አይፈልግም።

ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው አውቶማቲኩን ማስጠገን ነው። ይህ ካምቢዮ ሲፈታ ከውስጡ ቀጫጭን ዲስኮች፣ የላስቲክ ማሸጊያዎችና እንደ ደም ሥር የተጠላለፉ የዘይት መሄጃዎች ይወጣሉ። ንጹሕ ክፍል፣ ትክክለኛ መለዋወጫና ይህንኑ ሥራዬ ብሎ የያዘ ባለሙያ ይፈልጋል። ሁለተኛው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄዶ ባለ አምስት ማርሹን ካምቢዮ መፈለግ ነው። ኤች55 የሚባለው ይህ ካምቢዮ በ60ው ላይም፣ ገጠር የሠራን ሁላችን በምናውቀው በ75ቱ ላንድክሩዘር ላይም ተገጥሞ የመጣ ነው። ስለዚህ መለዋወጫው ይገኛል፤ ፈትቶ የሚገጥመው ሰውም አምቦ ውስጥ አለ። ሁለተኛውን መረጥን። ማኑዋል ከአውቶማቲክ ይበልጣል ብለን አልነበረም፤ ነገ ቢበላሽ እኛ በምንኖርበት አገር ማን ያድነዋል ብለን ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ጓደኞቻችን እንደምታውቁት፣ እዚያ ይህ ሥራ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው። እንደ ፎርድ ሙስታንግ ያሉ የ1960ዎቹ ጉልበተኛ መኪኖች ባለቤቶች አውቶማቲኩን አውርደው ማኑዋል የሚያስገቡት ለመንዳት ደስታ ብለው ነው። ከእነሱ አንድ ትልቅ ነገር ተምሬአለሁ። ባለ 302 የሚባለው የፎርድ ሞተር ቮላኖው በሁለት ዓይነት ሚዛን ተሠርቷል፤ የድሮው 28 አውንስ፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣው 50 አውንስ ይባላል። በዓይን ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ብሎናቸውም ይገጥማል። ያልሆነውን ካሰሩበት ግን ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ የራሱን ኩሽኔት ይበላል። እኛስ ደም ከመስጠታችን በፊት ዓይነቱን የምናመሳክረው ለዚህ አይደል? ከረጢቱማ ሁሉም ቀይ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድን አካል ከሰው ገላ ስናወጣ «ይህ አካል ምን ይሠራ ነበር? ከዛሬ ጀምሮስ ሥራውን ማን ይሠራል?» ብለን እንጠይቃለን። የእንቅርት በሽተኛ እጢዋ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ዕድሜ ልኳን በየቀኑ ክኒን ትወስዳለች። ቁስሉ ስላማረ ብቻ ሕክምናው አላለቀም። አውቶማቲክ ካምቢዮም ማርሽ ከመቀየር ሌላ ማንም ልብ የማይላቸው ሥራዎች አሉት፤ እሱ ሲወርድ እነሱም አብረው ይወርዳሉ። አዲሱ ካምቢዮም የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። እስቲ አራቱን ልቁጠርላችሁ።

የመጀመሪያው ማስነሻው ነው። አውቶማቲክ መኪና «ፒ» ወይም «ኤን» ላይ ካልሆነ አይነሣም። ካምቢዮው ጎን ያለች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን መስመር ትቆርጠዋለች። አሮጌው ካምቢዮ ሲወርድ ሽቦዎቿ አየር ላይ ይቀራሉ፤ ቁልፉ ቢዞርም መኪናው ዝም ይላል። አቋራጩ ሁለቱን ሽቦ አጠላልፎ በፕላስተር መጠቅለል ነው። መኪናው ወዲያው ይነሣል፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርሽ ውስጥ ሆኖም ይነሣል። ትክክለኛው መንገድ እነዚያኑ ሽቦዎች ፍሪሲዮን ፔዳሉ ላይ በምትገጠም ማብሪያ ማጥፊያ ማሳለፍ ነው። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ካልተረገጠ ሞተሪኖው አይዞርም።

እዚህ ላይ ለምን እንደቆምኩ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከሌላ ከተማ አንድ ወጣት የጋራዥ ሠራተኛ አመጡልን። ሽቦው እንዲያ ከተጠላለፈበት መኪና ፊት፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይሠራ ነበር። ጓደኛው ውጭ እንደቆመ እጁን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን አዞረ። መኪናው አንደኛ ማርሽ ላይ ነበር። በሞተሪኖው ጉልበት ብቻ አንድ እርምጃ ዘለለ፤ ያቺ አንድ እርምጃ በቃች። የሁለቱም እግሮቹ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። አጠብን፣ አሰርን፣ የአጥንት ሐኪም ወዳለበት ላክነው። እግሮቹ ተርፈዋል፤ ወደ ሥራው ለመመለስ ግን ከዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የዚያ ልጅ ጉዳት መነሻ ሁለት ሽቦ ነው።

ሁለተኛው መኪናውን ማቆም ነው። «ፒ» ላይ ሲደረግ ካምቢዮው ውስጥ አንዲት ብረት ጥርሱ መሃል ገብታ ትቆልፈዋለች። ለዓመታት በዚህ የኖረ ሹፌር ፍሬን አማኖውን ረስቶታል፤ ገመዱም ዝጎ ይሆናል። ማኑዋል ከገባ በኋላ ዳገት ላይ የቆመውን መኪና የሚይዙት ፍሬን አማኖው፣ አስገብተን የምንተወው ማርሽና ጎማ ሥር የምትገባዋ ታኮ ናቸው። እኛ አዲሱን ካምቢዮ ከማስገባታችን በፊት ፍሬን አማኖውን አሳደስን።

ሦስተኛው ወለሉ ነው። የማርሽ ዘንጉ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ቀዳዳው በላስቲኩ በደንብ ካልታሸገ የሚገባው አቧራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሞተሩም ጭስ ያለው ከዚያው ከሥር ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። በክረምት መስኮት ዘግቶ የሚነዳ ሹፌር «ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል» ብሎ ሲመጣ ስለ መኪናው ወለልና ስለ ጭስ ማውጫው መጠየቅ ልማድ አድርጌአለሁ። በከሰል ጭስ የታመመ ሰው ያከማችሁ ሁሉ የምለው ይገባችኋል።

አራተኛው የሚሽከረከረው ነገር ነው። አውቶማቲኩ ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው በቀጭን ሳህንና ዘይት በሞላው ክብ ቤት ነው፤ ማኑዋል ሲሆን በእነሱ ምትክ ከባድ ቮላኖና ፍሪሲዮን ይገባሉ። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የካምቢዮውን ዘንግ የምትደግፍ ትንሽ ኩሽኔት መኖር አለባት። አውቶማቲኩ ስለማያስፈልጋት ቦታዋ ባዶ ነው፤ ተረስታ ከተገጠመ ካምቢዮው ውሎ አድሮ ማጓራት ይጀምራል፣ ሁሉም እንደገና ይወርዳል። የቮላኖው ብሎኖችም በክንድ ግምት ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ፣ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ መጥበቅ አለባቸው። ይህ ሁሉ የሚሽከረከረው ከሹፌሩ እግር ብዙም ሳይርቅ ነው። አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ዶን ጋርሊትስ እ.ኤ.አ. በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲወዳደር ካምቢዮው ፈንድቶ የቀኝ እግሩን ከፊል አሳጥቶታል። የእሱ መኪና የውድድር ነው፤ ጉልበቱ ከእኛው ጋር አይገናኝም። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሞተሩና ካምቢዮው ከሹፌሩ ኋላ የሚሆኑበትን መኪና አሰበ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይዞት ወጥቶ አሸነፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጉዳቱን አስታሞ ብቻ አልተቀመጠም።

የቀረውን ሥራ ባጭሩ ልለፈው፦ ወደ ጎማ ኃይል የሚወስዱት ዘንጎች ርዝመታቸው ይስተካከላል፣ የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦ ወደ አዲሱ ካምቢዮ ይዞራል፣ ወደ ራዲያተሩ ይሄድ የነበረው የካምቢዮ ዘይት መስመር ይዘጋል። መካኒካችን በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ዶክተር ይሉኛል። ስቸኩልባቸው «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ፤ በአፋን ኦሮሞ ቀስ በይ ማለት ነው። እኔም ለተለማማጅ ሐኪሞች የምለው ይህንኑ ነው።

ውጤቱስ? ከ3300 ሜትር በላይ ከሆነው የወንጪ ጫፍ ወደ አምቦ ስንወርድ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ እናስገባውና ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬኑ አይግልም። አውቶማቲኩም ዝቅተኛው ላይ ቢደረግ ይይዝ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። ባትሪው ቢደክም ግን አሁን በግፊት ይነሣል፤ ያኛው አይነሣም ነበር። በሌላ በኩል የግራ እግሩን ያጣ ታካሚ አለኝ፤ አውቶማቲክ መኪና ባይኖር ኖሮ ሥራውን ትቶ ነበር። እሱ ዘንድ ሄጄ «ቀይረው» አልልም። ከማስቀየራችሁ በፊት መኪናውን ማን እንደሚነዳው፣ ጉልበቱና ወገቡ እንዴት እንደሆነ ጠይቁ።

ይህን ዛሬ ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ማርሽ የሚቀየርበት ካምቢዮ የላቸውም። አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፤ ካምቢዮአቸው ባረጀ ቁጥር እንዲህ ያለው ሥራ በየከተማው ይበዛል። የሚሠሩት ልጆች እጃቸው ጎበዝ ነው፤ የሚጎድላቸው ከሥራው በኋላ የሚመሳከር ዝርዝር ነው። እኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያለዚያ አንዘጋም፤ ጨርቁን እንቆጥራለን፣ መርፌውን እንቆጥራለን።

ጅማ ያስተማረችን ሐኪሙ፣ ነርሱና የላቦራቶሪው ባለሙያ አብረው ጤና ጣቢያ እየወጡ እንዲሠሩ ነው። በዚያው መንፈስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩታችንን መምህራን አንድ ነገር እለምናለሁ። እነዚህን አራት ነገሮች፣ እናንተ የምታውቁትንም ጨምራችሁ፣ በአንድ ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጁልን። ማሳተሙ በእኔ ይሁን፤ ከአምቦ እስከ ሸነን ባሉት ጋራዦች እየዞርኩ የምለጥፈውም እኔው ነኝ። ሌሎቻችሁ በየምትኖሩበት ከተማ እንዲሁ ብታደርጉ ደግሞ አንዳንድ አጥንት ሳይሰበር ይቀራል፤ እኛም የምናክመው ይቀንስልናል።