ሰፈር ሲነሣ ዕድር የት ይቆማል?
ስለ አርክቴክቶች የጥናት ቆይታ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ከሁሉ አስቀድመን፣ በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን ወገኖቻችንን ነፍስ ይማርልን እንላለን። ከሒሳቡ ሪፖርትና ከመዋጮው ጉዳይ ሌላ አንድ ነገር ለጉባኤው እንድናቀርብ ኮሚቴው ስለመደበን፣ የተመደብነው ሦስት ሰዎች ሆነን ይህን ጽፈናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ይህ ነው። አርክቴክቶች፣ ማለትም የሕንፃ ንድፍ ባለሙያዎች፣ በአንድ ሰፈር ለጥቂት ወራት ተቀምጠው፣ ከተማ ሲለወጥና ሰው ከቤቱ ሲነሣ የሚሆነውን የሚያጠኑበት፣ የሚስሉበትና የሚጽፉበት አሠራር አለ። ፈረንጆቹ «ረዚደንሲ» ይሉታል፤ እኛ «የጥናት ቆይታ» ብንለው ይበቃናል። ይህ ለቀባሪ ማኅበር ምን ያገባዋል? የሚል ይኖራል። ያገባዋል እንጂ! ሰፈር ሲበተን አብሮ የሚበተነው ዕድር አይደል እንዴ?

እስቲ እናስበው። የዕድራችን ወሰን በካርታ የተሠመረ አይደለም። ወሰኑ ጥሩምባው የሚሰማበት ነው። ሌሊት ጥሩምባ ሲነፋ የሰማ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ይነሣል፤ ያልሰማ ተኝቶ ያድራል። ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ከሐዘንተኛው ጋር እስከ ሰልስት የሚቀመጠው ጎረቤት ነው። በወሎ በብዙ ቦታ ቅሬ የሚባለውም፣ በሌላው አገር ዕድር የሚባለውም ይኸው ነው። እንግዲህ ጎረቤቱ ተነሥቶ ጥሩምባ ወደማይሰማበት ቢሄድ፣ መዋጮው በመዝገብ ላይ ይቀር ይሆናል፤ ትከሻው ግን ከየት ይመጣል?

የላሊበላን ታሪክ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ነገር ግን ልጆቻችን እንዲያነቡት በአጭሩ እናስፍረው። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት፣ መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ የእኛው ነበር። የተመዘገቡት 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ይሁን እንጂ ዩኔስኮ ራሱ ስለ ቦታው ሲገልጽ፣ በአጠገባቸው ያሉትን ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብና ባለ ደርብ የላስታ ቤቶችም ያነሣል። ታች ከብት፣ ላይ ሰው፣ በውጭ በኩል የድንጋይ ደረጃ፤ ያ የምናውቀው የአያቶቻችን ቤት ማለት ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱን የዝናብ ውኃ ሲጎዳቸው ኖሯል። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ከ1966 ጀምሮ ለዓመታት እዚህ ሠርቷል። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ ያ ሁላችን የምናውቀው መጠለያ በአራት ቦታ ተተከለ። በ2009 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የቱሪዝም ልማት ብድር ሲያጸድቅ ላሊበላ ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ከሥራውም አንዱ ክፍል፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የሚኖረውን ሰው ወደ ሌላ ቦታ ማስፈር ነበር። ኩራኩር የምንለው አዲሱ ሰፈር የመጣው በዚህ ነው።

ምክንያቱ ከንቱ ነበር አንልም። የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የእሳት አደጋና የቤት መጨናነቅ ለቅርሱ ያሰጉ ነበር። ቅርሱ የእኛም ነው፤ ቢፈርስ ከማንም በፊት የምናለቅሰው እኛ ነን። ዳሩ ግን ሰው ከተነሣ በኋላ ባዶ የቀረው ደርብ ቤት ምን ይሁን? የተነሣውስ ሰው በአዲሱ ቦታ እንዴት ይቅበር፣ እንዴት ይዘን? ይህ ጥያቄ የቤት ዋጋና የቦታ ስፋት ብቻ ስላይደለ፣ በግምት ወረቀት ተሰልቶ አያልቅም።

እዚህ ላይ ነው የአርክቴክቶቹ ነገር የሚመጣው። የጥናት ቆይታ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የፈረንሳይ መንግሥት በሮም አካዳሚ ያቋቋመው በ1666 ነው፤ በኋላም ወጣት አርክቴክቶችን እየላከ የጥንቱን ፍርስራሽ ያስለካ፣ ያስነድፍ ነበር። አሜሪካኖቹም በ1894 በዚያው በሮም የአርክቴክቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። እነዚህ ሰዎች ዓምዱን በጣት እየለኩ ብዙ ድንቅ ሥራ ትተዋል። ነገር ግን በፍርስራሹ ዙሪያ የሚኖረውን ድኻ የለካው ብዙ አልነበረም። በ1932 ሙሶሊኒ ሰፊ ጎዳና ሲያስከፍት፣ በፍርስራሹ መካከል የነበረው ሰፈር ፈረሰ፤ ሰዉም ወደ ከተማው ዳር ተወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላ የዚያው ሰው ጦር ወደ እኛ አገር መጣ።

ወደ እኛ የሚቀርብ ምሳሌ በግብፅ አለ። በሉክሶር ማዶ ጉርና የሚባል መንደር ነበር፤ ሰዎቹ በጥንት መቃብሮች ላይ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። መንግሥት ሊያነሣቸው ወስኖ፣ በ1945 ሐሰን ፋትሒ የሚባለውን አርክቴክት አዲስ መንደር እንዲሠራ አዘዘው። ፋትሒ ትልቅ ሰው ነበር። የአገሩን ጭቃ ጡብ መረጠ፤ ዘመዳሞች እንዳይለያዩ በአንድ አደባባይ ዙሪያ ቤት አቀደላቸው። እንዲህም ሆኖ አብዛኛው ሰው አልሄደም። ኑሮው ከመቃብሮቹና ከጎብኚው ጋር የተሳሰረ ነበር፤ የአዲሱ ቤት ጉልላትም የመቃብር ጉልላት መስሏቸው ጠሉት ይባላል። አሮጌው መንደር በመጨረሻ የፈረሰው ከ2006 ወዲህ ነው። በዮርዳኖስም እንዲሁ፣ ፔትራ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችበት በ1985፣ በዋሻዎቿ ይኖሩ የነበሩት ብዱል የሚባሉ ዘላኖች ኡም ሰይሁን ወደሚባል መንደር ተወሰዱ። ቤተሰቡ ሲበዛ መንደሩ ጠበባቸው።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ፋትሒን የመሰለ ባለሙያ እንኳ፣ ሰው ጉልላት ሲያይ የሚያስበውን አስቀድሞ ለማወቅ ካልቻለ፣ በሦስት ቀን መጠይቅ የሚመጣው ምን ያውቃል? የሰፈርን ጠባይ ለማወቅ ክረምትና በጋ አብሮ መክረም፣ ሠርጉንም ለቅሶውንም ማየት ያስፈልጋል።

በአገራችንም ጅምሩ አለ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ዞማ፣ ከውጭም ከውስጥም የሚመጡ የጥበብ ሰዎች ተቀምጠው የሚሠሩበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል። በ2019 በመካኒሳ የተከፈተው የዞማ ሙዚየም የተሠራው በጭቃና በጭድ ነው፤ የአገር ግንበኛና የአገር መራጊ ያውቅበት በነበረው ዘዴ። በአዲስ አበባ የተወለደው አርክቴክት ኢማኑኤል አድማሱም ከባልደረባው ጋር በ2023 በቬኒስ የአርክቴክቸር ትርኢት ላይ «ግቢ» የሚል ሥራ አቅርቧል። አያችሁ፣ አጥር ያለው የእኛ ግቢ እንኳ ለዓለም የሚታይ ቁም ነገር ሆነ!

የአዲስ አበባውን መፈናቀል ደግሞ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በልደታም፣ በኋላ በ2024 በፒያሳም፣ ሰፈር ሲፈርስ ሰዉ ወደ ዳር ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደ። አንዳንዱ እስካሁን ለቀብር በታክሲ ወደ ቀድሞ ዕድሩ ይመላለሳል፤ አንዳንዱ በአዲሱ ቦታ እንደ አዲስ ከፍሎ ይመዘገባል። በፎቅ ቤት ድንኳን የት ይተከላል? አስከሬንስ በጠባብ ደረጃ እንዴት ይወርዳል? ይህ ለኛ ቀልድ አይደለም። ንድፉን የሳለው ሰው አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አድሮ ቢሆን ኖሮ ያስበው ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴው ያሰበው እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ትምህርት ክፍልም ሆነ ከውጭ፣ በሰፈራችን ተቀምጦ ለማጥናት የሚፈልግ አርክቴክት ሲመጣ፣ ዕድሩ በራሱ ደንብ ይቀበለው። ሥራውም አራት ነገር ይሁን። አንደኛ፣ የቀሩትን ደርብ ቤቶች አንድ በአንድ ይለካ፤ ማን ሠራው፣ ማን ኖረበት፣ ድንጋዩ ከየት መጣ ብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከየቤቱ እስከ መቃብር ቃሬዛ የሚያልፍበትን መንገድ፣ ድንኳን የሚተከልበትን ሜዳና ሸክም የሚቀባበሉበትን ማረፊያ በካርታ ያስፍር። ሦስተኛ፣ ወደ ኩራኩር የሄዱትን አባሎቻችንን ሄዶ ይጠይቅ፤ ምን አገኙ፣ ምን ጎደላቸው? አራተኛ፣ በአዲሱ ሰፈር ለለቅሶ የሚሆን የጋራ ቦታ ንድፍ ያቅርብልን።

ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት «ጥናት ጠግበናል» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ስንቱ መጥቶ ጠይቆን፣ ፎቶ አንሥቶን፣ መልሱን ሳያመጣ ቀረ! ሌላም ስጋት አለ፤ «የለካው ቤት ሁሉ ነገ ይፈርሳል» የሚሉ አሉ። እኛ የምንመልሰው፣ የተለካ ቤት እንኳ ቢፈርስ ማስረጃ ይተዋል፤ ያልተለካ ቤት ግን ሲፈርስ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በ2020 በወረርሽኙ ጎብኚ ሲጠፋ፣ በ2021 ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ሲመጣ፣ ነገ የኛ እንዳልሆነ አይተናል። በሽማግሌዎች ቃል ብቻ ያለ ነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራል፤ ያን ደግሞ ከቀባሪ ማኅበር ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

ይሁን እንጂ በዘፈቀደ አይሆንም። እንግዳው ከሆቴል ሳይሆን ከሰፈር ቤት ተከራይቶ ይቀመጥ፤ ኪራዩ ለአባል ይግባ። ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይቆይ። ከሰፈሩ ወጣቶች ሁለት ሰው መለካትና መንደፍ ያስተምር፤ የድንጋይ ግንበኞቻችንም ሲያስረዱት የቀን አበላቸው ይከፈል። ሐዘንተኛን ያለ ፈቃድ ፎቶ አያንሣ። ሲጨርስም በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሞ በአማርኛ ያስረዳ፤ የንድፉን ሁሉ ቅጂ በዕድሩ ሣጥን ያስቀምጥ። በመጨረሻም፣ እዚህ እስካለ ድረስ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ጥሩምባ ሲነፋ ይውጣ፤ ቃሬዛም ይሸከም። ሸክሙን በትከሻው ያወቀ ሰው፣ ጠባብ በርና ጠባብ ደረጃ አይነድፍም።

እንግዲህ ለጉባኤው ሁለት ውሳኔ እናቀርባለን። የመጀመሪያው፣ ወደ ኩራኩር የሄዱት አባሎቻችን ጥሩምባው ባይደርሳቸውም አባልነታቸው ጸንቶ እንዲቆይ፣ መልእክተኛም በስልክና በእግር እንዲመደብላቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከላይ በዘረዘርነው ደንብ የጥናት ቆይታ የሚጠይቅ ባለሙያ ሲመጣ ኮሚቴው እንዲቀበለው ሥልጣን እንዲሰጠው ነው። ሁለቱን አያይዘን ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን ሳንወስን ሁለተኛውን ብንቀበል፣ የራሳችንን ሰው ትተን ስለ ራሳችን ሰው መጽሐፍ ማስጻፍ ይሆንብናል።

የሚቃወም አባል በነጻነት ይናገር፤ ደንቡ ላይ የሚጨመር ካለም ጸሐፊው ይመዘግባል። ከዚያ እጅ እናወጣለን። እግዚአብሔር ቀባሪ አያሳጣን።