ፍትሐዊ ንግድና የአነስተኛ ባለሱቅ ድርሻ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




ስለ ፍትሐዊ ንግድ በተነገረ ቁጥር ዘወትር የሚነሡት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ እነርሱም አምራቹ ገበሬና ሸማቹ ናቸው። በሁለቱ መካከል ሚዛን ይዞ የቆመው ባለሱቅ ግን እምብዛም አይታወስም። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ፍትሐዊ ንግድ በአንድ ሰፈር ሥር የሚሰደው በባለሱቁ አማካይነት መሆኑን፣ ባለሱቁም ይህን ሊፈጽም የሚችለው ከጎረቤቱ ባለሱቅ ጋራ ሲተባበር መሆኑን ነው።

ነገሩን በቡና እንመልከተው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የዓለም የቡና ንግድ በኮታ ይመራበት የነበረው ስምምነት በ1989 ከፈረሰ በኋላ ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ፣ በ2001 መጨረሻ ግማሽ ኪሎ የማይሞላው አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በዚህ ዋጋ ብዙው ገበሬ ወጪውን እንኳ መመለስ ተሳነው።

እንዲህ ያለውን ውድቀት ለመከላከል የተበጀው ዘዴ የወለል ዋጋ ይባላል። ዓለም አቀፉ የፌርትሬድ ድርጅት በ2023 ባሻሻለው ደንብ መሠረት ለታጠበ የአረቢካ ቡና የወለሉ ዋጋ በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሲሆን፣ በፈረሱላ ሲሰላ 67 ዶላር ያህል ይሆናል። ይህም የሚከፈለው ለአምራቾቹ ማኅበር ነው። በ2025 መጀመሪያ እንደታየው የገበያው ዋጋ ከወለሉ ሲበልጥ ገዢው የሚከፍለው የገበያውን ዋጋ ነው። በማናቸውም ጊዜ ግን በፓውንድ 20 ሳንቲም ተጨማሪ ይከፈላል፤ ይህ ገንዘብ በምን ሥራ ላይ እንደሚውልም አባላቱ ራሳቸው ተሰብስበው ይወስናሉ።

በአገራችን በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በዚህ ሥርዓት ቡናውን ለውጭ ገዢዎች ካቀረቡት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በየአገሩ ያሉ የአምራች ማኅበራት ደንቡን አሟልተው ካመረቱት ውስጥ በፍትሐዊ ንግድ ውል የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው በተራው ገበያ ይሸጣል። እንግዲህ የጎደለው ገዢ እንጂ አምራች አይደለም። ገዢውም የሚገኘው በመደርደሪያችን ፊት ነው።

አንዲት ትንሽ ከተማ ምን ልታደርግ እንደምትችል በእንግሊዝ አገር፣ በላንካሺር ክፍለ ሀገር የምትገኘው ጋርስታንግ አሳይታለች። በዚያ ብሩስ ክራውዘር የተባሉ የእንስሳት ሐኪምና ባልንጀሮቻቸው በ2000 የትምህርት ቤቶችን፣ የአብያተ ክርስቲያናትንና የነጋዴዎችን ተወካዮች ለማዕድ ጋበዙ። የቀረበው ምግብ የተሰናዳው ከሩቅ አገር በፍትሐዊ ንግድ ከመጣና በዚያው አካባቢ ገበሬዎች ከተመረተ ነገር ነበር። እንግዶቹም ሁለቱንም ለመሸጥ ወይም ለመጠቀም ቃል እንዲገቡ ተጠየቁ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የከተማው ሕዝብ ተሰብስቦ ጋርስታንግን የፍትሐዊ ንግድ ከተማ ብሎ ሰየማት፤ በዓለምም የመጀመሪያዋ ሆነች። አርአያዋን የተከተሉት ከተሞችና መንደሮች ዛሬ 2,000 ያህል ደርሰዋል።

ከዚህ ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለ። አንድ ባለሱቅ ብቻውን ሁለት ካርቶን ሻይ ቢያዝ ጅምላ ነጋዴው አይሰማውም፤ የማጓጓዣውም ወጪ ትርፉን ይበላዋል። ዐሥር ባለሱቆች በአንድነት ቢያዙ ግን ትእዛዙ ይከበራል። ለዚህ የሚሆነው ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዕቁብ ጥለን ሱቅ የከፈትን ሰዎች በዕቁብ ዕቃ በጋራ መግዛት አያቅተንም። በየወሩ ሻይና ቡና የሚያፈሉትን መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ዕድሮች ደንበኛ ብናደርግ ደግሞ ትእዛዙ የማይቋረጥ ይሆናል። ሲጀመርም በአንድ ወይም በሁለት ዕቃ መጀመር ይበቃል፤ መደርደሪያውን በአንድ ቀን ለመለወጥ የሚነሣ ሰው ገንዘቡን ያስራል።

«ደንበኛችን ድኻ ነው፤ የዋጋውን ጭማሪ ማን ይሸከመዋል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ጥቅል ቡና ዋጋ ውስጥ የመቁያው፣ የማሸጊያው፣ የማጓጓዣውና የኪራዩ ድርሻ ከፍተኛ ነው። በጋራ መግዛት የሚቀንሰው ከእነዚህ ወጪዎች ሲሆን፣ የገበሬውን ድርሻ ሳይነካ ለደንበኛው ፋታ ሊሰጥ ይችላል። ዋጋው በምን በምን እንደተከፋፈለ ጽፎ በባንኮኒው ላይ የሚያኖር ባለሱቅም ከማስታወቂያ ይልቅ እምነትን ያተርፋል።

በመጨረሻ ላሳስብ የምወድደው ይህን ነው። የዕቃው ምልክት የሚመሰክረው ለዕቃው እንጂ ለሱቁ አይደለም። ምልክት ያለበትን ቡና እየሸጠ ሚዛን የሚያጎድል፣ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያዘገይ ወይም ቅቤና ማር ያመጣለትን የአካባቢውን ገበሬ «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስ ሰው ፍትሐዊ ነጋዴ ሊባል አይችልም። ደንበኞቻችን ይህን ሁሉ በየቀኑ ያያሉ፤ ስለ ሩቁ ገበሬ የምንነግራቸውንም የሚያምኑን ቅርቡን በያዝንበት መጠን ነው።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ወደየሰፈራችን ስንመለስ በመጀመሪያ የምናነጋግረው በአጠገባችን ያለውን ባለሱቅ ይሁን። ተፎካካሪያችን መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ትእዛዛችን ከሁለት ካርቶን አያልፍም።