የሚወረሰው መሬቱ ነው ወይስ ቡናው?



በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ የቡና ማሳ ውርስ ሲያከራክር፣ አስቀድመን የምንለየው ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ባለይዞታው በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራውን ቋሚ ሀብት ግን እንዲያወርስ ፈቅዷል። ስለዚህ ከተማ የገባው ልጅ ከአባቱ ቡና ድርሻውን ሲጠይቅ፣ ከማሳው ያልተለየችው እኅቱ የይዞታ መብቷን ታነሣለች። ሁለቱም የሚጠቅሱት ሕግ አላቸው።

አዋጅ ቁጥር 456/1997 በውርስ የሚተላለፍ ይዞታ ከዝቅተኛው መጠን እንዳያንስ ደንግጎ ነበር። የጸደቀ ቡና ግን ተነቅሎ አይከፋፈልም፤ አዲስ ተክልም ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። እኔ የምደግፈው ማሳው ሳይቆራረጥ የቡናው ዋጋ ተገምቶ፣ ያዡ ወራሽ የሌሎቹን ድርሻ ከየዓመቱ ምርት እንዲከፍል ነው። እንዲህ ሲሆን እኅት ከማሳዋ አትፈናቀልም፤ ወንድምም ከአባቱ ድካም ባዶ እጁን አይቀርም።